ፒኤችዲዬ በአልዛይመር ላይ ነው፤ ግን በላብ (ላቦራቶሪ) በኩል ልግባ ወይስ በማኅበረሰብ ጤና?

ማለዳ_ወፍ (ጠያቂ)

ሰላም ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። የመጀመሪያ ዲግሪዬ ነርሲንግ ነው፤ ማስተርሴን በሕብረተሰብ ጤና ይዣለሁ። አሁን ፒኤችዲ ልጀምር ነው። ርዕሱ አልዛይመር እንደሚሆን ከወሰንኩ ቆየሁ፣ እሱ ላይ ጥያቄ የለኝም። ግራ የገባኝ በየት በኩል ልግባ የሚለው ነው።

ሁለት መምህራንን አማከርኩ፤ ሁለቱም እርግጠኛ ሆነው ተቃራኒ ነገር ነገሩኝ። አንደኛው «ገንዘቡም ስሙም ያለው ባዮማርከሩ (በሽታውን በደም ወይም በሌላ ናሙና የሚጠቁመው መለኪያ) ላይ ነው፤ ቤት ለቤት መጠይቅ ስታስሞዪ ወጣትነትሽ ያልቃል» አሉኝ። ሌላዋ ደግሞ ላብ ከገባሽ የምታጠኚው አይጥ እንጂ ሰው አይደለም፣ የበሽታው ሸክም ያለው ቤት ውስጥ ነው አሉ። ፊት ለፊታቸው ቁጭ ብዬ ስሰማቸው ሁለቱም ልክ ናቸው። ወጥቼ ሳስበው ግን ሁለቱም የነገሩኝ የየራሳቸውን ሕይወት ነው።

ልቤ ያለው ማኅበረሰቡ ጋ ነው። ነርስ ሆኜ ስሠራ ታማሚው እኛ ጋ የሚደርሰው ቤተሰቡ እጅ ከሰጠ በኋላ ነበር። ሌሊት ከቤት እየወጣ መጥፋት ሲጀምር፣ የገዛ ልጁን «አንተ ማነህ?» ሲል። ከዚያ በፊት የነበሩት ዓመታት ሁሉ «አረጀ እኮ» እየተባለ ያለፉ ናቸው። እነዚያን ዓመታት ማን ያጠናል? ይሄ ነው የሚከነክነኝ።

ስጋትም አለኝ። አንደኛ፣ የማኅበረሰብ ጥናት ይዤ የራሴን ጥያቄ የምጠይቅ ተመራማሪ እሆናለሁ ወይስ ለሌሎች ዳታ ለቃሚ ሆኜ እቀራለሁ? ሌላው፣ አዳዲስ መድኃኒቶች እየወጡ ባሉበት ሰዓት ስለ መከላከል ማጥናት ወደ ኋላ መቅረት እንዳይሆን። ደግሞ ያ ስለ አልዛይመር ታትሞ ኋላ የተሰረዘው የተጭበረበረ የምርምር ጽሑፍ ጉዳይ አለ፤ ጓደኞቼ «መስኩ ሁሉ ውሸት ላይ የቆመ ነው» እያሉ ያሾፉብኛል። በሥራው ውስጥ ያላችሁ ሰዎች፣ ሳትሸፋፍኑ ንገሩኝ።

---

መስክ_ለመስክ

እህቴ፣ ስለ መጠይቁ የተባለው ነገር አሳቀኝ። መጠይቅ ማስሞላት ማንም ይችላል። የዚህ ሥራ ከባዱ ነገር ሌላ ነው፦ ፊትሽ የተቀመጠው ሰው ዲመንሽያ (አልዛይመርና መሰል በሽታዎች የሚያመጡት የማስታወስና የማሰብ መዳከም) አለው ወይስ የለውም? እንደ ደም ግፊት ለክተሽ ቁጥር አንብበሽ የምትሄጂበት አይደለም።

እስቲ ይሄን አስቢው። ሰባዎቹን ያጋመሱ እናት ናቸው። ትምህርት ቤት ገብተው አያውቁም። ኤምኤምኤስኢ የሚባለው የማስታወስና የማሰብ ፈተና፣ በ1975 ወጥቶ ዓለምን ያዳረሰው፣ ከ30 የሚታረመው፣ መጨረሻው ላይ ሁለት የተጠላለፉ ባለ አምስት ጎን ቅርጾችን አይተው እንዲስሉ ይጠይቃል። እርሳሱን ትሰጫቸዋለሽ። በመዳፋቸው ይጨብጡታል። ወረቀቱን ያያሉ፣ አንቺን ያያሉ፣ ይስቃሉ። ነጥብ የለም። ከ100 ላይ ሰባት ሰባት እየቀነሱ ይቁጠሩ ሲባሉም እንደዚያው። እኚሁ ሴት ግን የቤቱን ወጪና ዕዳ በሙሉ በጭንቅላታቸው ይዘዋል፤ ማን ስንት እንደተበደረና መቼ እንደሚመልስ አይሳሳቱም። ፈተናው ታማሚ ናቸው ይላል። ከጎናቸው ያለው ቤት ስትገቢ ደግሞ ጡረታ የወጡ መምህር 28 ያመጡልሻል። ስትወጪ ሚስታቸው በር ላይ ይይዙሽና፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሰውየው አንዱን ሒሳብ ሁለት ጊዜ እየከፈሉ መቸገራቸውን ይነግሩሻል። ፈተናው ጤነኛ ናቸው ይላል።

በዚህ መሣሪያ ዞረሽ ስርጭት ብትለኪ የለካሽው በሽታውን ሳይሆን የትምህርት እጦትን ነው። ይሄንን ችግር የፈታ ሰው ዳታ ለቃሚ አይባልም።

ፈተውታልም። የኢባዳንና የኢንዲያናፖሊስ ጥናት የሚባለውን ፈልገሽ አንብቢ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ናይጄሪያ ውስጥ ያሉ ዮሩባዎችንና አሜሪካ ኢንዲያናፖሊስ ውስጥ ያሉ ጥቁር አሜሪካውያንን በአንድ ዓይነት ዘዴ መከታተል ጀመሩ። ለዚያ ሲባል የተሰናዳው መሣሪያ አረጋዊውን ብቻ ሳይሆን ቅርብ የሆነውን ሰውም ይጠይቃል። ከድሮው ምን ተለወጠ? ዕቃ የት እንዳስቀመጠ ይረሳል? ገንዘብ አያያዙስ? የሁለቱ መልስ ተደምሮ ነው ውሳኔ የሚሰጠው። በ2001 የወጣው ውጤታቸው የአልዛይመር አዲስ ታማሚ ቁጥር በዓመት በኢባዳን 1.15 በመቶ፣ በኢንዲያናፖሊስ 2.52 በመቶ መሆኑን አሳየ። ከእጥፍ በላይ ልዩነት! ለምን? የደም ሥር ጤና ነው? አመጋገብ ነው? ታመው ቶሎ የሚሞቱት ስላልተቆጠሩ ነው? ክርክሩ አላለቀም። አየሽ፣ አንድ በደንብ የተለካ ቁጥር ለብዙ ሰው የዕድሜ ልክ ሥራ ይሆናል።

በ1998 የተመሠረተው 10/66 የሚባለው የተመራማሪዎች ስብስብም ከዚሁ ቁጭት የተነሣ ነው። ስሙ ራሱ ክስ ነው፦ ዲመንሽያ ካለባቸው ሰዎች 66 በመቶ የሚኖሩት በታዳጊ አገሮች ሆኖ ሳለ በሕዝብ ላይ ከሚደረገው ጥናት ለእነሱ የሚደርሰው 10 በመቶ አይሞላም ነበር።

አንድ ሰው ልጨምርልሽ። ፍራንሲስኮ ሎፔራ የሚባሉ ኮሎምቢያዊ የነርቭ ሐኪም ነበሩ፣ በ2024 አረፉ። በ1980ዎቹ አንቲዮኪያ በምትባለው ግዛት ሰዎች በአርባዎቹ ዕድሜ የሚጃጁባቸውን ቤተሰቦች እየተከታተሉ ገጠር ለገጠር፣ ያውም በጦርነት መሃል፣ የዘር ሐረግ በእጅ እየሳሉ ዞሩ። ከዚያ ልፋት ነው ፕሪሴኒሊን 1 በሚባለው ጂን ላይ ያለው ለውጥ የተገኘው፤ በዚያ ዙሪያ ወደ 6,000 የሚጠጋ ሰው ያለበት ትልቅ የቤተሰብ ስብስብ ተመዘገበ። ከነዚያ ውስጥ አንዲት ሴት ጂኑን ይዘው ሳለ እስከ ሰባዎቹ ዕድሜያቸው ድረስ ሳይታመሙ ቆዩ። አሚሎይድ የሚባለው በአልዛይመር ጊዜ የሚከማች ፕሮቲን አንጎላቸውን ሞልቶታል፣ ሕመሙ የለም። በ2019 ሲታተም ላቡ ሁሉ ተንጫጫ። እኚያን ሴት ያገኘው ማይክሮስኮፕ አይደለም፤ የየቤቱን በር ለዓመታት ያንኳኳ ሰው ነው።

---

ፒፔት

ላብ ውስጥ ያለሁ ሰው ነኝ፤ አይጥም አላጠናም፣ ለሁለተኛዋ መምህር ሰላም በሉልኝ። የሰው ደም ነው የምሠራው።

መስክ_ለመስክ ጥሩ ብሏል፣ ግን የጠያቂዋ ምርጫ «ላብ ወይስ ማኅበረሰብ» መሆኑ ራሱ ጊዜው አልፎበታል ባይ ነኝ። አሚሎይድ መከማቸት የሚጀምረው የመርሳት ምልክት ከመታየቱ ከ15 እስከ 20 ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ድሮ ይሄንን በሕይወት ባለ ሰው ለማየት ወይ ፔት ስካን የሚባል ውድ የአንጎል ምስል፣ ወይ ከጀርባ በመርፌ ፈሳሽ መቅዳት ያስፈልግ ነበር። አሁን ፒ-ታው 217 የሚባለውን ፕሮቲን ከክንድ በተቀዳ ደም እንለካለን። በ2025 የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ ለመጀመሪያ ጊዜ ይሄን የሚጠቀም የደም ምርመራ ፈቅዷል። ስለዚህ እነዚያ «አረጀ እኮ» ተብለው ያለፉት ዓመታት አሁን ማየት የሚቻሉ ሆነዋል ማለት ነው። ጥያቄሽ እኮ እሱ ነበር።

እዚህ ላይ ግን እኛ ላብ ያለነው ሰዎች እንቸገራለን። ናሙናችን በአብዛኛው ራሱ ወደ ማስታወስ ክሊኒክ ከመጣ፣ የተማረ፣ ሌላ በሽታ ከሌለበት ሰው ነው። ኩላሊቱ የደከመ ሰው አልዛይመር ባይኖረውም ፒ-ታው ከፍ ሊልበት ይችላል። የሰውነት ክብደትም ቁጥሩን ያዛባል። መንገድ ላይ የምታገኚው አረጋዊ ደግሞ ኩላሊት፣ ስኳር፣ ግፊት፣ ሁሉንም ይዞ ነው። ማመሳከሪያ ቁጥሩ ለእሱ ይሠራል? ይሄን የሚመልሰው ማኅበረሰቡን የሚያውቅ፣ ናሙና አመራረጥ የገባው፣ ባዮማርከሩንም የማይፈራ ሰው ነው። እንደዚያ ያለ ሰው ፈልገን አናገኝም።

ስለ ጽሑፉ። በ2006 ኔቸር በሚባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣውና በ2024 የተሰረዘው ጽሑፍ ስለ አንድ የተለየ የአሚሎይድ ዓይነት ነበር፤ ምስሎቹ ተነካክተው ተገኙ። አሳፋሪ ነው፣ ብዙ ሰው ጊዜውን አቃጥሏል፣ ለመሰረዝ የፈጀው ጊዜም ያናድዳል። ግን አሚሎይድ በዚያ ጽሑፍ አልቆመም፣ አልወደቀምም። ያ ከመታተሙ ብዙ በፊት የታወቀ ነገር አለ፦ አሚሎይድ የሚቀዳበት ጂን ክሮሞዞም 21 ላይ ነው፤ ዳውን ሲንድሮም ያለባቸው ሰዎች ያንን ክሮሞዞም ሦስት ቅጂ ይይዛሉ፤ አብዛኞቹም ዕድሜያቸው ሲገፋ የአልዛይመር ለውጥ ይታይባቸዋል። ለጓደኞችሽ ይሄን ንገሪያቸው።

መድኃኒቱንም ላስቀምጠው። አሚሎይድን ከአንጎል የሚያጠራው ሌካኔማብ በ2023 ሙሉ ፈቃድ አግኝቷል። 1,795 ሰዎች ላይ በተደረገው ሙከራ በ18 ወር ውስጥ ማሽቆልቆሉን በ27 በመቶ አዘግይቷል። ሲነገር ደስ ይላል። በመለኪያው ሲታይ ግን ከ18 ነጥብ ላይ 0.45 ልዩነት ነው። በሙከራው በየሁለት ሳምንቱ በደም ሥር ይሰጥ ነበር፣ አንጎል ማበጥና መድማት ስለሚያመጣ ኤምአርአይ እየተነሱ መከታተል ግድ ነው፣ የሚሰጠውም ገና በመጀመሪያ ደረጃ ላሉ ሰዎች ነው። ትልቅ በር ከፍቷል፤ የመከላከልን ጥናት ግን አልዘጋም።

---

የቀድሞ_ፖስትዶክ

ሁለቱም ጥሩ ጽፈዋል ግን ስለ ሳይንሱ ነው የጻፉት። እኔ ስለ እንጀራው ልናገር።

ፒኤችዲ ብለሽ አዲስ ኮሆርት (ለዓመታት የሚከታተሉት የሰዎች ቡድን) ልጀምር እንዳትዪ። በዲመንሽያ ጥናት ውጤቱ፣ ማለትም ሕመሙ፣ ለመምጣት ዓመታት ይፈጃል፤ የአንቺ ስኮላርሺፕ ደግሞ ሦስት ወይ አራት ዓመት ነው፣ ከዚያ ውስጥ የሥነ ምግባር ፈቃድ መጠበቅ ብቻውን ግማሽ ዓመት ሊበላ ይችላል፣ ሰው መመልመል አለ፣ መረጃ ሰብሳቢ ማሠልጠን አለ፣ ሁለተኛው ዙር ላይ ደግሞ አንዱ ቤት ቀይሮ አንዱ አርፎ አንዷን ልጇ «አትንኳት» ብሎ ከልክሎ ግማሹን ታጫለሽ። ያለቀ ዳታ ላይ ሥሪ። አሜሪካ ውስጥ በ1992 የተጀመረው ኤችአርኤስ የሚባለው የአረጋውያን ጥናት ለተመዘገበ ተመራማሪ ክፍት ነው፤ እንግሊዝ ውስጥ ኢኤልኤስኤ አለ፣ አውሮፓ ውስጥ ሼር አለ፣ ደቡብ አፍሪካ ገጠር ውስጥ ሃልሲ አለ። ኤችካፕ የሚባል አንድ ወጥ የማስታወስ ምዘናም ወስደዋል፤ ቅርብ ሰውን የመጠየቁ ነገር፣ መስክ_ለመስክ ያነሳው፣ እሱም ውስጥ አለበት። የራስሽን ትንሽ የመስክ ሥራ ደግሞ እንደ አንድ ምዕራፍ አስገቢ።

ፈንድ የሚሰጡሽ ሰዎች የሚያዩት ዘዴ ታውቂ እንደሆነ ነው። ዘዴ ስል የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ላይ ቁልፍ መጫን አይደለም። ይሄ በሽታ ተንኮለኛ ነው። ሰው አልዛይመር ሊይዘው ሲል ዓመታት አስቀድሞ ይከሳል። ስለዚህ ሰዎችን አምስት ዓመት ብቻ ብትከታተዪ ውፍረት ከዲመንሽያ የሚከላከል ይመስልሻል! ሃያ ዓመት ስትከታተዪ ነው ነገሩ የሚገለበጠው። ድባቴም እንደዚሁ፤ ኋይትሆል በሚባለው የእንግሊዝ መንግሥት ሠራተኞች ጥናት ውስጥ ከዲመንሽያ ጋር የተያያዘው ሕመሙ ሊገለጥ አሥር ዓመት ገደማ ሲቀረው የታየው ድባቴ ነው፣ ከዚያ በፊት የነበረው ያን ያህል አልነበረም። መንስኤ ነው ወይስ የበሽታው የመጀመሪያ ድምፅ? ይሄንን መለየት ካልቻልሽ ጽሑፍ ታወጫለሽ፣ ጋዜጣም ላይ ትወጫለሽ፣ ግን የሚረባ ነገር አልተናገርሽም።

ዘዴ ማለት ምን እንደሆነ ለማየት የዌልሱን ሥራ አንብቢ። ዌልስ በ2013 ለአረጋውያን የአልማዝ ባለጭራ ክትባት መስጠት ስትጀምር ቁርጥ ያለ ቀን አወጣች። መስከረም 2 ቀን 1933 (በአውሮፓውያን) ወይም ከዚያ በኋላ የተወለደ ያገኛል፤ ከዚያ አንድ ቀን እንኳን ቀድሞ የተወለደ ጭራሽ አያገኝም። በጥቂት ሳምንት የሚበላለጡ ሰዎች በሌላው ነገር ሁሉ ያው ናቸው። አንዱ ጤናውን የሚጠብቅ፣ ሌላው ግድ የለሽ ነው የምትዪበት ሰበብ የለም። በ2025 ያወጡት ውጤት ክትባቱን የወሰዱት በሰባት ዓመት ውስጥ አዲስ የዲመንሽያ ምርመራ የማግኘታቸው ዕድል በአንድ አምስተኛ ገደማ ዝቅ ማለቱን አሳየ። ላብ የለም፣ ቤት ለቤት መዞር የለም። አንድ የጤና መመሪያ ውስጥ የተጻፈች ቀን ያየ ሰው ብቻ። እኔ እንዲህ ዓይነት ሥራ ሳይ ነው የምቀናው።

በመጨረሻ መራሩ። ከፒኤችዲ በኋላ ያለው ሕይወት የኮንትራት ሕይወት ነው። ሁለት ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ እንደገና ሁለት ዓመት። እኔ ያለሁበት ተቋም ቃል የገባልኝ ቋሚ ቦታ ግራንቱ ሲያልቅ አብሮ አለቀ፣ ከዚያ ወጣሁ፣ አሁን ጤና መረጃ ላይ እሠራለሁ፣ ደህና ነኝ። የምልሽ ከመፈረምሽ በፊት የአማካሪሽን የድሮ ተማሪዎች ሁለት ሦስቱን ፈልገሽ ጠይቂ። «ጎበዝ ናቸው?» ብለሽ አይደለም። «በስንት ዓመት ጨረስክ? የመጀመሪያ ደራሲ ስትሆን ማን ተከራከረህ? አሁን የት ነህ?» ብለሽ። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ዝም ካሉ ገብቶሻል።

---

ማለዳ_ወፍ (ጠያቂ)

ኧረ እግዜር ይስጥልኝ! ይሄን ያህል አልጠበቅኩም። የዌልሱን ሥራ ዛሬውኑ አውርጃለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ስለ መከላከል ሳነብ ላንሴት የሚባለው የሕክምና መጽሔት ኮሚሽን በ2024 አሥራ አራት ሊለወጡ የሚችሉ መንስኤዎችን ዘርዝሮ፣ ሁሉም ቢወገዱ በመርህ ደረጃ ወደ 45 በመቶ የሚጠጋውን ዲመንሽያ መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻል ነበር ይላል። የመስማት ችግር፣ ደም ግፊት፣ ትምህርት፣ ብቸኝነት፣ ማየት አለመቻል... ይሄን ቁጥር በየስብሰባው ይጠቅሱታል። እውነት ይሄን ያህል ነው? ወይስ ለፕሮፖዛል መግቢያ ብቻ የሚሆን ነው?

---

መስክ_ለመስክ

ሁለቱም ነው። 45 በመቶው የሚሰላው እያንዳንዱ ነገር በእርግጥ መንስኤ ነው ተብሎ፣ ከሥሩ ተነቅሎ ይጠፋል ተብሎም ነው። እንደ አቅጣጫ ተጠቀሚበት፤ ለአንድ ሰው ግን «መነጽር አድርጊና ይሄን ያህል በመቶ ተረፍሽ» ብለሽ እንዳትተረጉሚው።

ሲሞከር ምን እንደሚመጣ ለማየት የመስማቱን ውሰጂ። አቺቭ የሚባለው ሙከራ በ2023 ወጣ፤ ከ70 እስከ 84 ዓመት የሆናቸው 977 ሰዎች፣ ግማሾቹ የመስሚያ መሣሪያ ተሰጣቸው፣ ሦስት ዓመት ተከታተሏቸው። በአጠቃላይ ሲታይ ልዩነት የለም። ከቀድሞ የልብ ጤና ኮሆርት የመጡት፣ ማለትም አስቀድሞም ተጋላጭነታቸው ከፍ ያለው፣ ለብቻ ሲታዩ ግን ማሽቆልቆሉ በ48 በመቶ ቀንሷል። ማን ይጠቀማል የሚለው ጥያቄ ሙሉ በሙሉ ክፍት ነው። ይሄ ራሱ ፒኤችዲ ይሆናል፣ ያውም ዳታው ካለ ሰው ጋር ከተስማማሽ መስክ ሳትወጪ።

---

የአባቱ_ልጅ

ተመራማሪ አይደለሁም። አባቴን ሳስታምም ነው የቆየሁት፣ ይሄን ውይይት ሳነብ ዝም ማለት አልቻልኩም።

እኛ ቤት ተመራማሪዎች መጥተው ነበር። ጨዋ ልጆች ናቸው። አባቴን ጠየቁት፣ እኔን ጠየቁኝ፣ ደም ወሰዱ፣ አስፈረሙን፣ «እንመለሳለን» ብለው ሄዱ። አልተመለሱም። አባቴ እስኪያርፍ ድረስ ያ ደም ምን እንዳሳየ የነገረኝ ሰው የለም። የተቋሙን ስም አልጠራም፣ ምን ይጠቅማል። ግን ከዚያ በኋላ ሌላ ጥናት ብለው የመጡትን እህቴ በር ላይ ነው የመለሰቻቸው። እናንተ «ተሳታፊ መቀነስ» ትሉታላችሁ መሰለኝ።

አንቺ ነርስ ስለሆንሽ ይሄ ይገባሻል። ስትመጪ ለአስታማሚው የሚጠቅም አንድ ነገር ይዘሽ ነይ። ብዙ አንፈልግም። አባቴ አመሻሽ ላይ ለምን እንደሚቆጣ፣ ገላህን ታጠብ ሲባል ለምን እንደሚጮኽ፣ «ቤቴ ውሰዱኝ» ሲል ቤቱ እንደሆነ ልከራከረው ወይስ ልተወው፣ ይሄንን የነገረኝ ሰው ቢኖር ስንት ሌሊት እድን ነበር። ደግሞ ጥያቄውን አባቴ ፊት አትጠይቁን። ልጅ አባቱ አጠገቡ ተቀምጦ «ሽንቱን ይቆጣጠራል?» ሲባል ምን ይበል? ዋሸኋቸው እኮ። «ደህና ነው» አልኳቸው። ዳታችሁ ውስጥ ያ ውሸት አለ።

---

ፒፔት

የአባቱ_ልጅ፣ ነፍስ ይማር። የጻፍከውን ለተማሪዎቻችን አነበዋለሁ፣ ከፈቀድክ።

ጠያቂ፣ ውጤት መመለስን ፕሮፖዛልሽ ውስጥ ከመጀመሪያው አስገቢው፣ በጀትም ያዢለት፤ ኋላ ላይ «በጎ ፈቃድ» ሆኖ ከቀረ ማንም አይሠራውም። ባዮማርከር ካለበት ደግሞ ከባድ ውሳኔ አለ፦ ምልክት ለሌለው ሰው አሚሎይድህ ከፍ ብሏል ትይዋለሽ? ይታመም አይታመም በእርግጠኝነት መናገር አትችዪም፤ ሰውየው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁልፍ በረሳ ቁጥር ይደነግጣል። የሥነ ምግባር ኮሚቴው ሳይጠይቅሽ በፊት ለራስሽ መልስ ይኑርሽ።

---

መስክ_ለመስክ

የአባቱ_ልጅ ያልከው «ዋሸኋቸው» የሚለው ነገር ትልቅ ነው። ለዚህ ነው ሁለት ጠያቂ አብረው የሚላኩት፣ አንዱ ከአረጋዊው ጋር ሲቀመጥ ሌላው ቅርብ ሰውን ለይቶ ሌላ ክፍል ወይም ውጭ ወስዶ እንዲጠይቅ። ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚቆረጠው ሁለተኛው ሰው ነው። ማለዳ፣ በጀት ስትሠሪ እሱን ሰው አታስቆርጪ።

ለአስታማሚ ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት አይሰፖርት የሚባል የሥልጠና ጥራዝ አለው፣ በነጻ ነው፣ ስለ ቁጣውም ስለ ገላ መታጠቡም የሚል ነገር አለው። ጠያቂዎችሽን በእሱ ብታሠለጥኚያቸው ባዶ እጃቸውን አይሄዱም።

---

ማለዳ_ወፍ (ጠያቂ)

የአባቱ_ልጅ፣ አመሰግናለሁ ወንድሜ። የጻፍከው ከሁሉም በላይ ነካኝ።

እንግዲህ እንዲህ ላደርግ ነው። ሁለት ምዕራፍ ባለው ዳታ፣ ምናልባት ኤችካፕ ካላቸው ጥናቶች፣ የአረጋዊው ውጤትና የቅርብ ሰው ምስክርነት የሚጋጩባቸውን ሰዎች አጠናለሁ። ሦስተኛው ምዕራፍ ትንሽ የመስክ ሥራ፦ አስታማሚው ለብቻው ሲጠየቅና አረጋዊው ፊት ሲጠየቅ መልሱ ስንት ይለያያል? ፒ-ታው ያለበት ንዑስ ናሙና ካገኘሁ በዚያ አመሳክራለሁ። የቀድሞ_ፖስትዶክ፣ ይሄ በአራት ዓመት ያልቃል ትላለህ?

---

የቀድሞ_ፖስትዶክ

የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ያልቃሉ። ሦስተኛው የሚያልቀው የሥነ ምግባር ማመልከቻውን በመጀመሪያው ዓመት ካስገባሽ ነው። ፒ-ታውን ለጊዜው ከፕሮፖዛሉ አውጪው፤ ካገኘሽ ትጨምሪዋለሽ፣ ካላገኘሽ ማንም አያውቅብሽም። የሚጋጩትን ሰዎች ስትመርጪ ደግሞ የቅርብ ሰው ማን እንደሆነ ለዪ፦ ሚስት፣ ልጅ፣ አብሮ የሚኖር ወይስ በወር አንዴ የሚመጣ። በወር አንዴ የሚመጣው ልጅ «ምንም አልሆነም» ሊልሽ ይችላል።